ከዱባይ የመጣው ሲዲ

ልጅየው ኮምፒውተሩን ለተሸካሚ አልሰጠም። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ራሱ ነው ደረጃውን ይዞት የወጣው። ከኋላው አባቱ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በግራ እጃቸው የልጃቸውን ጃኬት ጫፍ ጨብጠው ይከተሉታል። ሱቃችን በር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር።

ሱቃችን መርካቶ ውስጥ፣ ከሰባተኛ ትንሽ አለፍ ብሎ ካለ ሕንፃ ላይ ነበር። ምድር ቤት ፍራሽና ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ እኛ ፎቅ ላይ ስልክ የሚጠግኑና ማኅተም የሚቀርጹ አሉ። ከአንድ ኮሌጅ አብሮኝ ከተመረቀ ባልደረባዬ ጋር የከፈትነው የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው። እሱ እጁ ፈጣን ነው፤ ሦስት ማሽን አጠገብ ለአጠገብ ከፍቶ እያፏጨ ይሠራል። እኔ ዘገም እላለሁ። ደንበኛ ሲበዛ እሱ ይሻላል፤ ነገሩ ሲከፋ ወደ እኔ ይገፋዋል።

መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተራው የኛ ሰፈር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በስንት ሰዓት ጥርግ እንደሚል ግን የሚያውቅ የለም።

«ሐጂ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብዬ ለሽማግሌው ወንበር አቀረብኩላቸው። አንገታቸውን በምስጋና ዝቅ አደረጉ እንጂ አልተናገሩም። ነጭ ኮፍያቸው በላብ ርሷል። የአፋቸው ቀኝ ጥግ ትንሽ ወደ ታች ወርዷል።

ልጅየው ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን ከላዩ ሳያነሳ፣ «እህቴ፣ አልነሳም አለ» አለኝ። «ትናንት ሰማያዊ ነገር ታየበት፤ ከዚያ ወዲህ ዝም። ማሽኑ ገደል ይግባ። ውስጡ ያለውን ብቻ አውጪልኝ።»

«ውስጡ ምንድን ነው ያለው?»

ወደ አባቱ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሳቸው ድምፅ።»

ነገሩን ቆሞ አስረዳኝ። ጨርቅ አስመጪ ነው፤ አባቱ ከስልጤ አገር በወጣትነታቸው መርካቶ ገብተው የጀመሩትን ንግድ ነው የያዘው። ከዓመት በፊት ማይክሮፎን ገዝቶ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባቱን ኮምፒውተሩ ፊት እያስቀመጠ ማውራት አስለምዷቸው ነበር። አገራቸውን፣ መንገዱን፣ የመጀመሪያ ሱቃቸውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዘር ሐረጋቸውን፤ እስከ ሩቅ አያት ድረስ በቃላቸው የሚወርዱትን። ከዚያ ሽማግሌው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሲድኑ እግራቸው በመጠኑ ተመለሰ፤ ንግግራቸው አልተመለሰም።

«ሌላ ቦታ ገልብጠኸዋል?» አልኩት።

«የት ልገልብጠው? እዚሁ አለ ብዬ…» አለና ተወው።

ከጃኬቱ ኪስ አንድ ሲዲ አወጣ። ላዩ ላይ የሐኪም ቦርሳ ሥዕል አለበት። ዱባይ የሚመላለስ ጓደኛው ያመጣለት ቡታብል ሲዲ ነው፤ ማለትም ኮምፒውተሩ በራሱ አልነሳ ሲል ከሱ ተነስቶ የሚሠራ።

«ኦርጅናል ነው» አለኝ። «ጓደኛዬ የሱን ሱቅ ኮምፒውተር በዚህ ነው ያዳነው። አስገቢው።»

ሲዲውን ተቀብዬ ገለበጥኩት። ጀርባው ብርማ ሳይሆን ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ሰማያዊ ነው። ሥዕሉ ያለበት ወረቀት ደግሞ በእጅ የተለጠፈ ስለሆነ አንዱ ጠርዙ ተቆልምሟል። ኦርጅናል አይደለም፤ አንድ ሰው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ የጻፈው ሲዲ ነው። ይህ ብቻውን ክፉ አያሰኘውም። እኛም ሱቅ ያሉት ሁሉ እንዲሁ በእጅ የተጻፉ ናቸው። ግን ውስጡ ምን እንዳለ ከሥዕሉ ማወቅ አይቻልም።

«መጀመሪያ በሌላ ማሽን ልየው» አልኩ።

ባልደረባዬ ከያዘው ሥራ ቀና አለ። «መብራቱ ሊሄድ ነው እኮ» አለኝ። «የሰው ዕቃ ነው፣ ራሱ ደግሞ አስገቢው ብሎሻል። ቢበዛ አይሠራም።»

«አለመሥራቱ አይደለም የሚያስፈራኝ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ከሠራ በኋላ የሚሠራውን አላውቅም።»

ጥግ ላይ አንድ ያረጀ ማሽን ነበረን። ባልደረባዬ ሙሉ ቀን ሙዚቃ የሚከፍትበት ነው፤ ከኮሌጅ ጀምሮ የሰበሰባቸው ዘፈኖች በሙሉ እዚያ ናቸው። ሌላ ለሙከራ የሚሆን የቆመ ማሽን አልነበረም። ጣቴን ወደዚያ ስቀስር ሳቀ።

«ውሰጂው። ዘፈኖቼ ምንም አይሆኑም። ብቻ ቶሎ በይ።»

ሲዲውን አስገብቼ አስነሳሁት። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጭ ጽሑፍ ከታች ወደ ላይ ሮጠ። ከዚያ አንድ ሰማያዊ መስኮት ተከፈተ። ምርጫ ይመጣል ብዬ ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ምርጫ አልመጣም። «ይህን ላድርግ ወይ?» የሚል ጥያቄም አልመጣም። መስኮቱ ውስጥ አንድ አግዳሚ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረ።

«ምን እየሠራ ነው?» አለ ልጅየው።

እኔም እሱን ነበር የማነበው። የተጻፈው ሲገባኝ ጎንበስ ብዬ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ስመልሰውና ያለ ሲዲው ሳስነሳው ማሽኑ ሲስተም የለኝም አለ። ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት። ባዶ ነው። ባልደረባዬ መጥቶ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ አየ።

«ዘፈኖቼስ?»

ማውሱን ከእጄ ወስዶ አንዱን ክፍል ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ፣ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ከዚያ ማውሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

ሲዲው የተዘጋጀው ያለቀለት ሲስተም በአንድ ጊዜ ለመጫን ነው። የነበረውን ጠርጎ አዲስ ያስቀምጣል። ብዙ ማሽን በአንድ ቀን ለሚጭን ሰው ጥሩ ነገር ነው፤ የጓደኛውንም ኮምፒውተር አድኖት ይሆናል፣ ውሸት አይደለም። የሚያድነው ግን ማሽኑን ነው እንጂ ውስጡ ያለውን አይደለም። ይህን ለልጅየው ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ራሱ ኮምፒውተር ሄዶ ሁለቱንም እጆቹን ከላዩ ላይ አሳረፈ።

«ሲዲውን ትናንት ማታ ቤት ሆኜ ላስገባው ነበር» አለ። «አባባ ናቸው እጄን የያዙኝ። ምን እንደፈለጉ አልገባኝም ነበር፤ ተቆጥቼ ተውኩት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

መሳቢያዬን ከፍቼ የራሴን ሲዲ አወጣሁ። ብዙ ማሽን በሱ ከፍቼ የሰው ዶክመንትና ፎቶ አውጥቻለሁ። ላስገባው ስል ልጅየው እጄን አየው።

«ያንቺስ?»

«የኔን አውቀዋለሁ።»

«ማን ሠራው?»

«ፋይሉን ከኢንተርኔት ያወረድነው እኛ ነን፤ ጥሩ ኔትወርክ ያለው መሥሪያ ቤት የምትሠራ ጓደኛችን ጋ ሄደን። ሲዲው ላይ የጻፍኩት ራሴ ነኝ።»

«ውስጡን አይተሽዋል?»

«ሠርቶልኝ ያውቃል» አልኩ።

«የኔም ጓደኛ እንዲሁ ነው ያለኝ።»

ንግግሩ ውስጥ ነገር አልነበረበትም። ፈርቶ ነው። ግን እውነቱን ነው፤ የሱ ጓደኛና እኔ የሰጠነው ምስክርነት ቃል በቃል አንድ ነበር። ባልደረባዬ ቆጣ አለ።

«ወንድም፣ ለዚህ ሲዲ እኔ እመሰክራለሁ። ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ነው የሚከፍተው፣ አይጽፍበትም። ሰዓቱን አታይም እንዴ? መብራት ሊጠፋ ነው። አስገቢው በቃ!»

ልጅየው እኔን ነበር የሚያየኝ። ሽማግሌውም እንዲሁ። ልጅየው «አስገቢ» ቢለኝ አስገባው ነበር። አላለም።

«ልፈትነው» አልኩ።

ባልደረባዬ ራሱን ነቅንቆ ወደ መስኮቱ ሄደ።

የዘፈኑን ማሽን፣ ሃርድ ዲስኩ እንደወጣ፣ ባዶውን በሲዲዬ ብቻ አስነሳሁት። የሚጽፍበት ዲስክ ሳይኖረው ከራሱ መነሳት ይችል እንደሆነ ለማየት ነው። እያጓራ፣ እያረፈ፣ ደግሞ እያጓራ ተነሳ። ከዚያ አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደ ትንሽ ዲስክ ፈልጌ፣ ከሌላው ማሽን ላይ ጥቂት ፋይሎች አስቀመጥኩበት፤ መጠናቸውንና ቀናቸውን ልጅየው እንዲያይ አደረግኩ። ዲስኩን ወደ ሙከራው ማሽን መልሼ በሲዲው ከፈትኩት፣ አንዱን ፋይል አጫወትኩት፣ ዘጋሁት። አሁንም ነቅዬ ወደ ሌላው ወሰድኩትና ፋይሎቹን አንድ በአንድ አሳየሁት። እንደነበሩ ናቸው። ምንም የተጨመረ፣ ምንም የተነካ ነገር የለም።

በዚህ መሃል የዐስር አዛን ተሰማ። ልጅየው አልተነቃነቀም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው የግራ እጃቸውን ጣቶች ጉልበታቸው ላይ አንድ በአንድ ያንቀሳቅሱ ጀመር። ከበርበሬ በረንዳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ባልደረባዬ አስነጠሰና መስኮቱን ዘጋ። ማንም «ይማርህ» አላለውም።

«እመኚኝ አላልሽም፤ አሳየሽኝ» አለ ልጅየው በመጨረሻ። «አስገቢው።»

ኮምፒውተሩን፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ በሚያቆየው በዩፒኤሱ በኩል ሰክቼ አስነሳሁት። ሲዲው ተነሳ። ሃርድ ዲስኩ ግን ውስጡ ጠጠር እንዳለ ዓይነት ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ይህን ድምፅ የሰማ ቴክኒሻን ሁሉ ያውቀዋል፤ ሊሞት ያለ ዲስክ ነው። ባልደረባዬ ከመስኮቱ አጠገብ ሮጦ መጣ፤ ተመለከትኩት፣ ተመለከተኝ፤ ለልጅየው አልነገርነውም።

ሲዲው ዲስኩን እስኪያገኘው ብዙ ጠበቅን። ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ልጅየው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ የአባቱን ትከሻ ያዘ። የድምፆቹን ክፍል ከፈትኩት፤ እያንዳንዱ ቅጂ ልጅየው በሰጠው ስም ተሰልፏል። ፍላሼን ሰካሁ። ማውሱን ላንቀሳቅስ ስል ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ «ኧረ!» የሚል ድምፅ ተነሳ፤ የኛም አምፖል ጠፋ።

ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ።

«ይህ ባትሪ አርጅቷል» አለ ባልደረባዬ። ከዩፒኤሱ ላይ ሌላውን ገመድ ሁሉ እየነቀለ፣ የስክሪኑን ብርሃን እየቀነሰ፣ «ሁሉንም አያወጣም። የሚበልጠውን አስቀድሚ።»

«የትኛውን?» አልኩት ልጅየውን።

«የዘር ሐረጉን!» አለ ወዲያው። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ወደ አባቱ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ ልጥራልዎትና የሚፈልጉት ጋ ስደርስ እጄን ይያዙ።»

ስሞቹን ከስክሪኑ ላይ እየተጣደፈ ጠራ። የአገሩን ጠራ፣ የዘር ሐረጉን ጠራ፣ ሽማግሌው ዝም። የመጀመሪያውን ሱቅ ጠራ፤ ዝም። «የእማ» ሲል ክንዱን ጨበጡት።

«ይሄማ ስለ እናቴ ያወሩት ነው» አለ ልጅየው ግራ ተጋብቶ። «አባባ፣ ይህን እኮ እኛም እናውቀዋለን! የዘር ሐረጉ ይቅደም እንጂ!»

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን አንስተው ጠረጴዛውን መቱት። ማውሱ ዘለለ። እኔ ልጅየውን ሳልጠይቅ እሳቸው የመረጡትን ማውጣት ጀመርኩ።

ደህና ዲስክ ቢሆን ኖሮ ጣት እስኪያጮሁ ያልቅ ነበር። ይህ ግን ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ጠቅ ይላል፣ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል። የዩፒኤሱ ጩኸት እየተቀራረበ መጣ። ባልደረባዬ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ወደ ሃርድ ዲስኩ አስጠግቶ ያዳምጣል። ልጅየው ከንፈሩን እየነከሰ የሚሞላውን መስመር ያያል። አንድ ቦታ ላይ ቆመና ቀረ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ተነቃነቀ። አለቀ።

የዘር ሐረጉን ጀመርኩ። መስመሩ ገና ከዳር ሲነሳ ዩፒኤሱ አንድ ረጅም ጩኸት አሰማና ስክሪኑ ጨለመ። የሃርድ ዲስኩ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ሕንፃው በር ላይ ጄኔሬተር ተነሳ፤ የምድር ቤቱ ሱቆች ነው፣ እኛ ጋ አይደርስም።

ልጅየው ዓይኑን ከጨለመው ስክሪን አልነቀለም። ሲናገር ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«ያን ሁሉ ሰዓት በሙከራ ባንፈጀው…»

«ባንፈጀው» ነው ያለው እንጂ «ባትፈጂው» አላለም፤ እሷን ልብ ብያታለሁ። ያልጠበቅኩት ባልደረባዬ ነው የመለሰለት። ከመሬት ተነስቶ ጉልበቱን እያራገፈ፣ «ያንተ ሲዲ ገብቶ ቢሆን ይቺም አትኖርም ነበር» አለው። «የኔን ዘፈኖች ፈልጋቸው እስኪ።»

በማግስቱ ከምድር ቤቱ ጄኔሬተር ገመድ ስበን ሞከርን። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። በሌላ ማሽን፣ በሌላ ገመድ፣ ጋደም አድርገን፣ አቁመን ሞከርን። ከኛ የሚበልጥ የምናውቀው ቴክኒሻን ጋም ወሰድነው። አልተነሳም።

የዳነችውን አንዷን ቅጂ የከፈትንላቸው በዚያው በማግስቱ ነው። እኔ ስልጥኛ አልሰማም፤ ድምፁ መቆራረጡን አለመቆራረጡን እንጂ፣ የሚባለው ትክክል መሆኑን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ስለዚህ ፊታቸውን ነበር የማየው። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ወፍራም፣ የማይቸኩል፣ ትንሽ ሳቅ ያለበት የሰው ድምፅ ነው። አጠገቤ ከተቀመጡት ዝምተኛ ሽማግሌ ጋር አንድ ሰው ነው ብሎ መቀበል ይቸግራል።

ከዚያ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ከድምፁ ጋር እየሄዱ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ይቀድሙታል። ልጅየውን በክርኔ ነካሁት። አየና እጁን ዘርግቶ ድምፁን አቆመው። ሱቁ ጸጥ አለ። የሽማግሌው ከንፈር አልቆመም፤ የጀመሩትን እስከ መጨረሻው ድረስ ያለ ድምፅ ጨረሱት።

«አባባ» አለ ልጅየው። «ሁሉም ውስጥዎ አለ?»

በግራ እጃቸው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ።

ልጅየው ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻለም። ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሲመለስ ድምፁ ምን እንደሚል ጠየቅኩት። አባቱ እናቱን ከገጠር ሲያመጧት አውቶቡስ ሞልቶባቸው ቆጮ በጫነ አይሱዙ ላይ ነው የመጡት አለኝ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዛቸው። እሷ ከተማ ገብታ ስለማታውቅ፣ ስትደርስ አምሮባት እንድትታይ ብላ ኮፍያቸውን ከራሳቸው ላይ ወስዳ የሙሽራ ጫማዋን ሸፈነችበት፤ እሳቸው ራሳቸውን በዝናብ እየተመቱ መርካቶ ገቡ።

«ይህን ሲናገር ሁሌ ይስቅ ነበር» አለ። አባቱን አንተ ሲላቸው የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኔና ባልደረባዬ አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ በዚያ ሁለተኛ ሙከራ ተስማምተን አናውቅም። እሱ «የራስሽን ሲዲ መጠራጠርሽ ነው የዘር ሐረጉን ያስበላን» ይላል። እኔ ልጅየው ውስጡን አይተሽዋል ወይ ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ መልስ አልነበረኝም እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን እሱ ልክ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ግን የሰው ማሽን ከመምጣቱ በፊት፣ ሥራ በሌለበት ጠዋት፣ መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ሲዲዎች ሁሉ ፈተንኳቸው። ሁለቱን ሰብሬ ጣልኳቸው። ባልደረባዬ የዱባዩን ሲዲ «ጠራጊው» ብሎ በእስክሪፕቶ ጽፎበት አዲስ ማሽን ሲጭን ይጠቀምበት ነበር።

ልጅየው ከወራት በኋላ ትንሽ መቅረጫ ይዞ መጣ። አገር ቤት ሄዶ ነበር። የአባቱ ታናሽ ወንድም ሐረጉን በቃላቸው ያውቃሉ፤ እሳቸውን ቀድቶ አባቱ ፊት ከፈተላቸው።

«ዝም ብለው ሰሙ ሰሙና፣ መሃል ላይ እጃቸውን ወደ ላይ!» አለኝ እየሳቀ። «አጎቴ አንድ አያት ዘለዋል። ስደውል እሳቸውም አመኑ። እንደገና አስቀዳሁ።»

«የት የት አስቀመጥከው?»

«ቤት፣ ሱቅ፣ እህቴ ጋ። አንቺ ጋ ደግሞ አራተኛ ይሁን።»

ገልብጬለት ስጨርስ ሽማግሌው ታች መኪና ውስጥ መሆናቸውን ነገረኝ፤ ደረጃውን አሁን አይችሉትም። አብሬው ወረድኩ። መኪናው ፍራሽ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፣ ተሸካሚዎች ግራና ቀኙን «ዞር በሉ!» እያሉ ይጋፋሉ፣ ከኋላ ያለው ሹፌር ጥሩምባውን አስነክቶታል። ሐጂ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ግራ እጃቸውን አወጡልኝ። ሁለት እጄን ሰጥቼ ጎንበስ አልኩ። ልጃቸው ሞተር አስነስቶ «አባባ፣ መንገድ ዘጋን» እስኪላቸው ድረስ እጄን አልለቀቁኝም።